«ርካሿን ቦርድ አምጡልን» ለምትሉን

ከሞያሌ ወዲህና ወዲያ የምንመላለስ ነጋዴዎች ስልክ ላይ የሚገባው ትዕዛዝ በየሰሞኑ ይለዋወጣል። አንድ ሰሞን የሕፃናት ጫማ ነው፣ አንድ ሰሞን የሶላር መብራት። አሁን አሁን ደግሞ «ለልጁ ያቺን ትንሿን ኮምፒውተር አምጡልን፤ ቦርዷን፤ ርካሿን» የሚል በዝቷል። የመታወቂያ ካርድ የምታክለውን፣ ቴሌቪዥን ላይ ስትሰካ ኮምፒውተር የምትሆነውን ማለታችሁ እንደሆነ ገብቶናል። ልጃችሁ በስልክ ጌም ከሚያመሽ አንድ ነገር ሠርቶ ቢያሳያችሁ ደስታችሁ ደስታችን ነው። የተጣላነው «ርካሿን» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ከእናንተም፣ ቃሏን ሰምተን እሺ ብለን ከሄድነው ከራሳችንም ጋር።

የራሳችንን ጉድ እናስቀድም። አንድ ጊዜ ናይሮቢ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ስድስት ቦርድ ገዛን። ሻጩ «ከራስቤሪ ፓይ ጋር አንድ ነው፣ ሜሞሪው እንዲያውም እጥፍ ነው፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል» አለን። ሣጥኑ ያምራል። እኛም ሳናስነሳው ስድስቱንም ጠቅልለን መጣንና ለስድስት ቤት አከፋፈልን። ሁለቱ ጨርሶ አልተነሱም። ሦስቱ ደስ ሲላቸው ይነሳሉ፣ ደስ ሲላቸው መሃል ላይ ይጠፋሉ። ደህና የተነሳው አንዱም ዋይፋይ አልይዝ አለ። ሐዋሳ ያለች አንዲት ደንበኛችን ከዕቁቧ ቀንሳ ነበር የከፈለችን። ልጇ የአሥራ አራት ዓመት ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከቦርዱ ጋር ሲታገል ከርሞ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። ስንደውል «ዕቃው ተበላሽቷል» አላለንም። «እኔ ነኝ መሰለኝ ያልገባኝ» አለን። እናቱ ደግሞ «እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ እኮ ነው» አለችን። ብሩን መለስንላት። ልጁ ግን የኮምፒውተር ነገር ሲነሳ እስካሁን «እኔ አይሆንልኝም» ይላል አሉ።

በኋላ ሦስቱን ቦርዶች ሰብስበን ነገሩን ለሚያውቅ ባለሙያ አሳየን። ጉዱ ያኔ ወጣ። አንዱ ቦርድ ምንም አልሆነም፤ ያስቸገረው የስልክ ቻርጀሩ ነው። ሌላውም ደህና ነው፤ ያስቸገረው 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋ እንኳ በቅጡ የማይዝ ሚሞሪ ካርድ ነው። ዋይፋይ አልይዝ ያለው ደግሞ አምራቹ አንድ ጊዜ ሶፍትዌሩን ለቆ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ አላየውም። ማለትም ስድስት ቤት ያስለቀስነው በቦርድ ብቻ አይደለም። ቦርዱን «ርካሽ» ለማሰኘት ስንል አብሮት የሚሄደውን ሁሉ በመዝለላችን ነው።

ኮሜርስ ስንማር መጀመሪያ ያስጨበጡን ነገር የዕቃ ዋጋ ማለት ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ዕቃው ሥራ ላይ እስኪውል የወጣው ወጪ በሙሉ መሆኑን ነው። ጤፍ ስንገዛ የጭነቱን፣ የማውረጃውን፣ የወፍጮውን ሳንደምር አናድርም። ቦርድ ላይ ስንደርስ ይህን ሁሉ እንረሳዋለን። እስቲ እንደምረው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ራስቤሪ ፓይ 5 በ2023 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋው በ60 ዶላር ነበር። ካምፓኒው ለእሱ ብሎ የሚሸጠው ቻርጀር 12 ዶላር፣ ማቀዝቀዣው 5 ዶላር። 77 ሆነ። ገና ሚሞሪ ካርድ የለም፣ ኬብል የለም፣ ኪቦርድና ማውዝ የለም። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ አንዷ ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር እየጠየቀችን ነው። ስለዚህ «60 ዶላር ነው አሉ» ብላችሁ የምትልኩልን ገንዘብ ያኔም ቢሆን ቦርዷን ብቻ ነበር የሚያስገዛው እንጂ ኮምፒውተር አያስገዛም።

«አምስት ዶላር ነው ሲባል ሰምተናል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ነበረ። በ2015 ራስቤሪ ፓይ ዜሮ የምትባለው በ5 ዶላር ወጥታ መጽሔት ሽፋን ላይ ተለጥፋ በነፃ ታድላለች። ያ ወሬ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳብደን። ዛሬ የምትፈለገው ዜሮ 2 ደብሊው በ2021 ስትወጣ 15 ዶላር ነበረች። ጎበዝ ነች፣ አንክድም። ግን ሜሞሪዋ ግማሽ ጊጋ ነው፤ ኢንተርኔት ከፍቶ ለሚያጠና ልጅ ታፍናለች። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዋ ትንሹ ዓይነት ስለሆነ የቤታችሁ ኬብል አይገባባትም። ኪቦርድ የሚሰካባት አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ናት፣ ለእሷም መቀየሪያ ይፈልጋል። 4 እና 5 ደግሞ ከእሷም የጠበበውን ማይክሮ የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ዕቃው ቤት በደረሰ ማታ መርካቶ ተመልሶ ኬብል ሲፈልግ ይውላል።

ቻርጀሩን ግን ለብቻው ማንሳት አለብን፤ ብዙ ልጅ ያስለቀሰው እሱ ነው። ስልክ ቻርጀር ቢያንሰው ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ አይሞትም። ቦርድ እንዲህ አይደለም። 4 ቁጥሩ 5 ቮልት 3 አምፒር ይፈልጋል፣ 5 ቁጥሩ እስከ 5 አምፒር። ኃይሉ ከ4.63 ቮልት ሲወርድ ራስቤሪ ፓይ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ያሳያል። እናንተ ጌጥ መስሏችሁ ታልፉታላችሁ፤ ቦርዱ ግን እየተጣራ ነው። ቀጭን ኬብልም ያው ነው፤ ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። ደግሞ ኬንያ የሚሸጠው ቻርጀር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፣ የእኛ ቤት ማከፋፈያ ክብ ነው። ማስማሚያ ላልቶ እየተንቀጠቀጠ ስንት ካርድ አበላሽቷል!

መብራቱስ? ይህን ለሚጽፉት ፈረንጆች አናማቸውም፣ እነሱ ቤት መብራት አይጠፋም። እኛ ቤት ይጠፋል። እየጻፈ ሳለ መብራት የጠፋበት ካርድ አንድ ቀን አይነሳም። ሌላም አለ፤ ይህኛው ሱቃችን ውስጥ የደረሰብን ነው። የሽያጭ መዝገብ በአንዲት ፓይ ላይ እንያዝ ብለን ጀመርን። ከ5 ቁጥር በፊት የወጡት ፓይዎች በውስጣቸው የሚሄድ ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚወስዱት። አንድ ቀን መብራትም ኔትዎርክም አብረው ሄዱ፣ መብራቱ ብቻ ተመለሰ። የሁለት ቀን ሽያጭ በተሳሳተ ቀን ተመዘገበ። ወር ሲዘጋ ሂሳቡ አልገጥም ብሎን ሦስት ሌሊት አመሸን። መፍትሔው ዲኤስ 3231 የሚባል፣ በክብ የሰዓት ባትሪ የሚሠራ፣ ቅንጣት የምታህል ዕቃ ነበር። ማን ነገረን? ማንም። 5 ቁጥሩ ሰዓት አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ካልገዛችሁለት ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ። እኛ የምንለው፣ ከቦርዱ በፊት ሥራው ይነገር ነው። አንዱ ደንበኛችን ባለ 8 ጊጋውን ፓይ 5 አዘዘን። ለምን ሥራ ስንለው የግቢውን ሮቶ ውሃ መጠን ለማወቅ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማታ ሲሞላ እንዲጮህለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ለሮቶ፣ ለእንቁላል መፈልፈያ ሙቀት፣ ለበር መብራት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ፒኮ የምትባለው በ2021 ስትወጣ 4 ዶላር ነበረች፤ ኢኤስፒ 32 የሚባለውም እንዲሁ ርካሽ ነው፣ ዋይፋይም አለው። እነዚህ ሊኑክስም ሚሞሪ ካርድም የላቸውም፤ የተጻፈላቸውን አንዲት ፕሮግራም ይዘው መብራት ሲመጣ በቅጽበት ይነሳሉ። ካርድ የለም፣ የሚበላሽ የለም። እዚህ ጋ ርካሹ ትክክለኛው ነው፤ ማንም ግን ይህን አያዝዘንም፤ «ኮምፒውተር» ስላልተባለ ስም የለውም።

ለትምህርት ከሆነ ሌላ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ወይም ሠፈር ውስጥ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ማድረግ የምትፈልጉ፣ ፓይ 4 ባለ 2 ጊጋው ይበቃችኋል፤ 3 ቁጥሩም አያሳፍርም። ኮሊብሪና ኪዊክስ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ትምህርቱንና ውክፔዲያውን አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ በኋላ የሠፈሩ ልጆች በየስልካቸው በዋይፋይ ያነቡታል። ገንዘባችሁን ካርዱ ላይ አድርጉት፤ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋ ይደርሳል፣ የአማርኛው ትንሽ ነው። አማርኛ ፊደል ካልተጫነ ገጹ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፊደል መጫን እንዳትረሱ።

ልጁ የቤት ሥራ ሊጽፍበት፣ ፕሮግራም ሊማርበት ከሆነ ደግሞ፣ ነጋዴ ሆነን ይህን ማለታችን ይገርማችሁ፣ ቦርድ አትግዙ። ያገለገለ ላፕቶፕ ግዙ። ስክሪን አለው፣ ኪቦርድ አለው፣ ከሁሉም በላይ ባትሪ አለው። ቦርድ ስክሪኑን ከቤት ቴሌቪዥን ይበደራል፤ ቴሌቪዥኑን ደግሞ አያት በድራማ ሰዓት አይለቁም። ገመድ መቀጣጠል፣ ሞተር ማሽከርከር የሚወድ ልጅ ከሆነ ያኔ ቦርዱ ላፕቶፕ የማይሰጠውን ይሰጠዋል፤ እነዚያ አርባዎቹ እግሮች ለዚያ ነው የተሠሩት።

«ኦሬንጅ ፓይ በዚያው ብር የተሻለ ሜሞሪ አለው፣ ለምን ትከለክሉናላችሁ?» አንከለክልም። ቦርዱ መጥፎ ስለሆነም አይደለም። ጥያቄያችን ድሬዳዋ ያለ ልጅ ሌሊት አንድ ነገር እምቢ ሲለው ማንን ይጠይቃል ነው። ለራስቤሪ ፓይ መጽሐፉ፣ ቪዲዮው፣ ተጠይቆ የተመለሰው ጥያቄ ሞልቷል። በ2012 በ35 ዶላር ለተሸጠው ለመጀመሪያው ፓይ እንኳ ከአሥር ዓመት በኋላ አዲስ ሶፍትዌር ወጥቶለታል። ለሌላው ቦርድ ግን አምራቹ አዲስ ሞዴል ሲያወጣ አሮጌው ወላጅ አልባ ይሆናል። የሚያውቅ ታላቅ ወንድም ቤት ውስጥ ካለ፣ አርምቢያን የሚባለው ቡድን የሚደግፋቸውን ቦርዶች ዝርዝር አይቶ ይግዛ፤ ጥሩ ዕቃ ያገኛል። ከሌለ ግን በዋጋ ልዩነት ያተረፋችሁት የአስተማሪውን ደመወዝ ነው።

ቲቪ ቦክስን «ሚኒ ኮምፒውተር» እያላችሁ የምትሸጡ የሙያ ጓዶቻችን፣ ከእናንተ ጋር ቀልድ የለንም። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሜሞሪ የማይገናኝበትን ስንቱን አይተናል። ይህ እንኳ ማጭበርበር ነው ተብሎ ይታለፍ። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል ተንኮል ሕዝብ አስጠንቅቋል፤ ከርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች አንዳንዶቹ ገና ከመሸጣቸው በፊት ሌባ የተቀመጠባቸው፣ የቤቱን ኢንተርኔት ባለቤቱ ሳያውቅ ለወንጀለኞች መተላለፊያ የሚያደርጉ ናቸው። ያንን ዕቃ ወገናችን ሳሎን ውስጥ፣ በስልኩ ብር በሚያስተላልፍበት ዋይፋይ ላይ የምንሰካው እኛ ነን።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ከ2021 እስከ 2023 ቺፕ ጠፍቶ ፓይ ሲወደድ፣ እጃችን ላይ የነበሩትን ከዋናው ዋጋ በብዙ እጥፍ ሸጠናል። ገበያ ነው ብለን አልፈነዋል። «ትንሽ ቆዩ፣ ይረክሳል» ማለት እንችል ነበር፤ አላልንም።

ስለዚህ ከእንግዲህ እንዲህ እናደርጋለን፤ በመስመሩ ያላችሁም ብትከተሉን ደስ ይለናል። ቦርድ ብቻውን አንሸጥም፤ ከልኩ ቻርጀር፣ ከተፈተሸ ካርድና ከሚገጥም ኬብል ጋር ነው። ካርዱን ኤፍ 3 ወይም ኤች 2 ቴስት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞልተን እንፈትሻለን፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ ይውሰድ። ቦርዱን ሱቅ ውስጥ በደንበኛው ፊት እናስነሳለን፤ ክፍለ ሀገር ከሆነ ቪዲዮ እንልካለን። ሜሞሪው ስንት እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል። በአንድ ወር ውስጥ እምቢ ካለ እንመልሳለን። ትርፋችን ይቀንሳል፣ እናውቃለን።

ለሚቀጥለው ጉዞ ትዕዛዝ የምትልኩልን፣ የቦርዱን ስም አትጻፉልን። ልጁ ምን ሊሠራበት እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ቴሌቪዥን እንዳለ፣ መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ በእጃችሁ ያለው ጠቅላላ ብር ስንት እንደሆነ ጻፉልን። የሐዋሳዋ እናትም ይህን ካነበብሽ፣ ለልጁ ያስቀመጥነው አንድ ፓይ 4 አለ፤ ተፈትሿል፣ ካርዱም ቻርጀሩም አብሮ ነው። ማን ይዞለት እንደሚመጣ ብቻ ንገሪን።