የጨዋታ ጽሑፍም የሕዝብ ቅርስ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ነገር ግን የተጻፈውም ቢሆን የሚወረሰው ጠባቂ ሲያገኝ ነው። ይህን እንድንል ያነሣሣን የአሜሪካ ሕዝብ እጅግ የሚወደው የቤዝ ቦል ጨዋታ አሮጌ ጽሑፎች የደረሰባቸው ነገር ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

በ1869 የሲንሲናቲ ከተማ ቡድን ተጫዋቾቹን በሙሉ በግልጽ በደመወዝ ቀጠረ። የቡድኑ መሪ ሃሪ ራይት ይባል ነበር። ይህ ሰው ደብዳቤዎቹንና የሒሳብ መዝገቦቹን በጥንቃቄ ያስቀምጥ ነበር። የጋዜጣ ጸሐፊው ሄንሪ ቻድዊክም የግጥሚያዎቹን ውጤት መዝግቦ አቈይቷል። እነዚህ ጽሑፎች ቀድሞ ተጫዋች ኋላም የስፖርት ዕቃ ነጋዴ በነበረው በአልበርት ስፖልዲንግ እጅ ተሰበሰቡ። እርሱም በ1915 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ በ1921 ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች።

ለመሆኑ የጨዋታ ወረቀት ምን ይጠቅማል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ቤዝ ቦልን በ1839 አብነር ደብልዴይ የተባለ የጦር ሰው በኩፐርስታውን ፈጠረው የሚለው ተረት ለብዙ ዘመን እንደ እውነት ሲነገር ኖሯል። ተረቱን ያፈረሰው ጽሑፍ ነው፤ በዚያ ዓመት ደብልዴይ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርና።

ዛሬ ግን ወረቀቱ ገንዘብ ሆኗል። ዶክተር ዳንኤል አዳምስ በ1857 ለክለቦች ጉባኤ ያዘጋጀው የደንብ ረቂቅ በ2016 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ዋጋ ሲንር ሌባም ይነሣል። ከዚያው ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጽሑፎች ጠፍተዋል። በ2009 ለሃሪ ራይት የተጻፉ ደብዳቤዎች ለጨረታ ሲቀርቡ፣ የተሰረቁ ናቸው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ጉዳዩን ይመረምር ጀመር።

ሰብሳቢዎችን በጅምላ መውቀስ አንፈልግም። ከቆሻሻ መጣያ አንሥተው፣ በገንዘባቸው ገዝተው ያዳኑት ብዙ ነው። የሕዝብ ቤት ካልጠበቀው እኛ ብንጠብቀው ምን ነውር አለው? ማለታቸውም ከንቱ ክርክር አይደለም። ነገር ግን በአንድ ሰው ካዝና የተቈለፈ ደብዳቤ ለተመራማሪ እንደሌለ ይቈጠራል። የተሰረቀውን አውቆ የሚገዛ ደግሞ ሌባውን ለሌላ ስርቆት ይልከዋል።

ስለዚህ ገዢ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ወረቀቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ መጣ ይጠይቅ። አጫራቹም ምንጩ ያልታወቀውን አይቀበል። ከሁሉ በፊት ግን ቤተ መጻሕፍት ያለውን እያንዳንዱን ቅጠል ቈጥሮ ይመዝግብ፤ ያልተመዘገበ ንብረት ሲጠፋ የእኔ ነው ብሎ ለማስመለስ ያስቸግራልና። አደራ የተቀበለ ሁሉ፣ ባለቤቱ ሕዝብ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም እንላለን።