ገጹን ማን ያሰናዳው?
ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረውንና በ2007 አይጉግል ያለውን የግል መነሻ ገጽ በኖቬምበር 2013 ሲዘጋ፣ ዘመናዊ አፕሊኬሽኖች ስለመጡ አስፈላጊነቱ ቀንሷል የሚል ምክንያት ሰጠ። ለእኔ ዛሬም አልተዋጠልኝም። ያን ገጽ የሚያሰናዳው ተጠቃሚው ራሱ ነበር፤ የአየር ሁኔታውን ከላይ፣ ኢሜይሉን ከጎን፣ ዜናውን ከታች ያደርግ ነበር፤ ጋጄት ከሚባሉት ከእነዚህ ትንንሽ ሳጥኖች የሰለቸውን በማውስ ጎትቶ ያዛውር ወይም ከነአካቴው ያጠፋው ነበር። ገጹን የሚያስውቡት ሥዕላዊ ገጽታዎችማ አይነሱ! «ሻይ ቤት» በሚባለው ገጽታ ላይ የነበረችው ቀበሮ ጠዋትና ማታ ሥራዋ ይለያይ ነበር፤ ሰዓቱ ሲገፋ ሥዕሉም አብሮ ይመሽ ነበር። የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከረውም። ጋጄቱ በበዛ ቁጥር ገጹ ይንቀራፈፍ እንደነበርም አልክድም። ዛሬ ግን ስልካችንን ስንከፍት የሚቀበለን ማለቂያ የሌለው የቪዲዮና የዜና ጎርፍ ነው፤ የቱ እንደሚቀድም የሚወስነው አልጎሪዝሙ ሆኖ ሳለ «ለእርስዎ የተመረጠ» ይሉናል። ምን አይተው ነው የመረጡልን? ገጽን በራስ የማሰናዳት አስፈላጊነት ቀንሶ ቢሆን ኖሮማ፣ አፕል በ2020 የአይፎን ተጠቃሚዎች በመነሻ ስክሪናቸው ላይ ጋጄት መሰል ዊጀቶችን እንዲደረድሩ ሲፈቅድ ያ ሁሉ ሰው ስልኩን ለማስዋብ ባልተሻማ ነበር።