ቁልፉን የማይቀማ አለቃ
መሿለኪያ አካባቢ ካለ አንድ ጋራዥ ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔን የሳበው ዋናው መካኒክ ነው። ሞተሩ እየተንተከተከ አስቸግሮ ለማጁ ቀና ብሎ ሲያየው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «እስቲ ስማው፤ ስንተኛው ነው የማይተኩሰው?» አለው እንጂ ቁልፉን አልቀማውም። ልጁ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ (ሳይነዝረው አልቀረም አንድ ቀን) የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ነቀለ፤ ሦስተኛውን ሲነቅል የሞተሩ ድምፅ ምንም አልተለወጠም። «ይቺ ናት!» አለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ካዛንቺስ ባሉ የሆቴል አዳራሾች፣ ኃላፊዎች ይህንኑ፣ ሥራውን ሳይነጥቁ በጥያቄ መምራትን፣ በፕሮጀክተር ይሠለጥናሉ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ሲቋቋም ከጃፓን የተቀዳው ትምህርትም አለቃ ሥራው ካለበት ወርዶ ይይ፣ ይጠይቅ የሚል ነበር፤ በብዙ መሥሪያ ቤት የተረፈው ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው። እኔን ከቁጡ አለቃ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጎበዙ ነው። የተሾመው በሙያው በልጦ ስለሆነ እጁ አያርፍም፤ የቀረበለትን ረቂቅ ደብዳቤ «ተወው፣ እኔ ልጨርሰው» ብሎ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ሠራተኛውስ ሞኝ ነው እንዴ? በሚቀጥለው ሳምንት «መቼም ያርመዋል» ብሎ ግማሹን ብቻ ሠርቶ ይገባል።