አፍንጫዬን ተዉልኝ!

ባለፈው ሰሞን ቆቦ መናኸሪያ አካባቢ፣ የፀሐይ መነጽር በካርቶን ደርድሮ ከሚሸጥ ልጅ ፊት ቆሜ ስንት መነጽር እንደሞከርኩ ልንገራችሁ? አሥራ አንድ! አንዱ ተንሸራቶ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሌላው አፍንጫዬን ትቶ ጉንጬ ላይ ተቀመጠና በሳቅኩ ቁጥር አብሮኝ ወደ ላይ ይነሣል። ሦስተኛው ከሽፋሽፍቴ ጋር ተጣላ። ዓይኔን በጨፈንኩና በገለጥኩ ቁጥር መስታወቱን እጠርገዋለሁ። ልጁ የሚገርም ትዕግሥት ነበረው። በመጨረሻ ግን ተስፋ ቆርጦ፣ «እህቴ፣ መነጽሩ ምንም አልሆነ፤ ያንቺ አፍንጫ ነው እምቢ ያለው» አለኝ። አጠገቡ የነበሩት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ቤት ስደርስ ግን ነገሩ ይቆረቁረኝ ጀመር። ጫማ ልትገዙ ገብታችሁ ጠበበኝ ብትሉ ነጋዴው «እግርህ ነው ጥፋተኛው» ይላል እንዴ? ሌላ ቁጥር ነው የሚያመጣው። መነጽር ላይ ስንደርስ ነው ሰውነታችን ጥፋተኛ የሚሆነው።

ቁጥርማ መነጽርም አለው። ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ ገልበጥ አድርጋችሁ ውስጡን ብታዩ፣ ብዙዎቹ ላይ 52፣ 18፣ 140 የመሰሉ ሦስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የአንዱ መስታወት ስፋት፣ ሁለተኛው አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክፍተት፣ ሦስተኛው የዘንጉ ርዝመት ነው። ሁሉም በሚሊ ሜትር። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ አንዱም አፍንጫ ከዓይን ዓይን መካከል ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል አይናገርም። ለምን ቢባል፣ ፍሬሙ ሲነደፍ ጀምሮ ከፍ ያለ ነው ተብሎ ስለታሰበ ነዋ! ሬይ-ባን የአብራሪዎች መነጽሩን ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ዛሬ በየመናኸሪያው የምናየው ባለ ጠብታ ቅርጽ መነጽር የዚያው ቅጂ ነው።

ደግነቱ በዚህ የተማረርኩት የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም። የምሥራቅ እስያ ደንበኞችም ያው ችግር ስለነበረባቸው እንደ ኦክሌይ ያሉ ኩባንያዎች «የእስያ ልክ» የሚሉትን ፍሬም አወጡ። አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ክፍል ወፈር ብሎ መነጽሩን ከጉንጭ ያርቀዋል። በኋላ ነገሩ የእስያ ብቻ እንዳልሆነ ሲገባቸው ስሙን «ለዝቅተኛ አፍንጫ የሚስማማ» ወደሚል ቀየሩት። በርሊን ውስጥ ደግሞ አኪም ንግዌንያ የተባለ የማላዊ ተወላጅ ንድፍ ሠሪ፣ ከባልደረባው ጋር ሪፍሬምድ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ለአፍሪካውያን አፍንጫ የሚሆን የፀሐይ መነጽር በሦስት አውታር ማተሚያ መሥራት ጀመረ። ማላዊ የተወለደ ሰው በርሊን ላይ ያሰበልኝን የእኔ ሀገር አስመጪ እንዴት አላሰበልኝም? ይህ ነው የእኔ ጥያቄ።

መልሱን የምጠረጥረው ከራሳችን ነው። «ሰልካካ አፍንጫ» እያልን አድገናል፤ ውበት ሲዘረዘር ከዓይን ቀጥሎ እርሱ ነው የሚጠራው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን እዩ፣ ቀጭንና ረጅም አፍንጫ ነው የምታገኙት። «ሐበሻ እኮ አፍንጫው…» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ! ከሐበሻነት መዝገብ ሳይጠየቁ የተሰረዙት ጎራዶች ግን እዚሁ ራያ ውስጥ፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ ሞልተናል። ትምህርት ቤት እያለሁ «ጎራዳ» የቅጽል ስሜ ነበር። እርሱን እንደ ቀልድ አልፌዋለሁ። ቀልድ የማይሆነው «ደፍጣጣ» የምትለዋ ቃል በደቡብና በምዕራብ ያሉ ወገኖቻችንን ለማሳነስ ስትወረወር ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ተናጋሪው ዞር ብሎ የእኔን አፍንጫ ቢያይ ምን ይል ነበር? ነጋዴ እንግዲህ የሚያመጣው ይፈለጋል ብሎ ያሰበውን ነው። ስለ አፍንጫዋ የምታፍር ገዢ ደግሞ «ሌላ ልክ አምጡልኝ» አትልም፤ መነጽሩን መልሳ አስቀምጣ ትሄዳለች።

«አሁን መነጽር የሚወራበት ጊዜ ነው?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ወደ ማማው እንውጣ።

ቆቦ ቆላ ናት። ፀሐይ በዞብል ተራራ በኩል ብቅ ካለች በኋላ መሸሸጊያ የለም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማሽላው ሲያፈራ የግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ ማሳ የሚጠብቅ ሰው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣና ከንጋት እስከ ማታ ሰማይ ሰማይ ያያል። የእናቴ ታላቅ እህት ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ አሳልፈዋል። ዛሬ ግራ ዓይናቸው ሞራ አለበት፤ በቀኙ ነጭ ላይ ደግሞ ሥጋ መሰል ነገር በቅሏል። የሞራ ዋነኛው ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ሁሉንም በፀሐይ አላመካኝም። ነገር ግን የፀሐይ ጨረር ሞራን ከሚያፋጥኑ ነገሮች አንዱ እንደሆነ፣ ያ የሚበቅለው ሥጋም ከጨረርና ከአቧራ ጋር እንደሚያያዝ ሐኪሞች ይናገራሉ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። (ትራኮማን ግን መነጽር አያቆመውም፤ የእርሱ ነገር ፊት መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤትና መድኃኒት ነው።)

ልክ መሆኑ ቁም ነገር የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ወደ አፍንጫ ጫፍ የተንሸራተተ መነጽር ከላይና ከጎን ብርሃን ያስገባል። በዚያ ላይ ጥቁር የሆነ ሁሉ ጨረር አይከላከልም። መከላከያ የሌለው ጥቁር መስታወት እንዲያውም የባሰ ነው፤ ጨለማ ስለሚያደርግ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ጨረሩም በሰፊው በር ይገባል። «ዩቪ 400» የሚል ማኅተም ጥሩ ነው፣ ማኅተም ግን ማንም ይለጥፋል። እውነት መሆኑን የሚለካ መሣሪያ ስላለ መነጽር ቤት ስትሄዱ ይለካልኝ በሉ። አታፍሩ!

እኔ በማግስቱ ልጁ ዘንድ ተመለስኩ። አሥራ ሁለተኛው መነጽር የብረት ፍሬም ነበር፤ አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ ለስላሳ ነገሮች በቀጭን ሽቦ የተያዙ ናቸው። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚያዋጣው እንዲህ ያለው ነው፤ የፕላስቲኩ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ አይነቃነቅም። ልጁ ሽቦዎቹን በጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ አቀራረባቸው፣ አደረግኩት፣ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አልወረደም! «አየሽ» አለኝ፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል። የጨረሩን ነገር ደግሞ ወልድያ ስሄድ አስለካዋለሁ።

ቤት ስገባ አክስቴ ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉት። አፍንጫዬን የወረስኩት ከእርሳቸው ወገን ስለሆነ ልክክ አለላቸው። ወደ ደጅ ወጥተው ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «ልጄ፣ ይቺን ለማማው ተይልኝ፤ አንቺ ሌላ ትፈልጊያለሽ» አሉኝ።

ነገ እንግዲህ ከአሥራ ሦስተኛው እጀምራለሁ።