ባክአፑ ይሠራል... ማን አየው?

ጎበዝ! እስቲ የመሥሪያ ቤታችሁን አይቲ ክፍል «ባክአፕ አለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን እኔው ልንገራችሁ፦ «በየቀኑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሱ ይሠራል!» ደስ ይላል። ቀጥሉና «ከመጀመሩ በፊትስ ሲስተሙ ጤነኛ መሆኑን ማን ያያል?» በሏቸው። ዝም!

የኔ ጠብ ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

ባክአፕ ቅጂ ነው። ዋናው ከታመመ ቅጂውም በሽተኛ ነው። የባሰው ደግሞ ወዲህ ነው። ቦታ እንዳይሞላ ተብሎ የሚቀመጡት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ቅጂዎች ብቻ ናቸው፤ ሰባት እንበል። ሰኞ ቀን መብራት ድንገት ይጠፋና ዳታቤዙ ይበላሻል። ማንም ልብ አላለም። ባክአፑ ግን ሰዓቱን አክብሮ ይነሳል፤ የተበላሸውን ይገለብጣል፣ ከድሮዎቹ ጤነኛ ቅጂዎች አንዱን ይሰርዛል። በሳምንቱ ሰባቱም ብልሹ ናቸው። ጤነኛውን ዳታ የጨረሰው እንግዲህ ቫይረስ አይደለም፤ ጠባቂ ብለን የቀጠርነው ባክአፕ ነው!

«ይሄ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠውን ጊትላብን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ ችግር ሊፈታ ሲታገል፣ በስህተት የዋናውን ሰርቨር ዳታ ሰረዘ። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሮጡ ባዶ! ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ የሚገለብጠው መሣሪያ 9.2 ስለነበር በየቀኑ ይከሽፍ ነበር። «ከሽፏል» የሚሉት ኢሜይሎችም የላኪ ማረጋገጫ ስለሌላቸው ተመልሰዋል። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ገንዘብም ባለሙያም ነበራቸው። የጎደለው የሚያይ ዓይን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባክአፑ ከመነሳቱ በፊት ዲስኩ ስለ ጤናው የሚሰጠው ሪፖርት ይታይ። የሚገለበጥበት ቦታ ይበቃል? የትናንቱ ተጠናቋል? መጠኑስ ከወትሮው በድንገት አላነሰም? ዳታቤዙ በራሱ መመርመሪያ ይፈተሽ፤ ቫይረስም ይታሰስ። ይህን አብዛኛውን አጭር ስክሪፕት ጽፎ ማሠራት ይቻላል። ስለዚህ «በጀት የለም» የምትለዋን ሰበብ ተዉልኝ።

«ችግር ከተገኘ ባክአፑ ይቅር ማለትሽ ነው?» አይደለም። ቅጂው ይወሰድ፤ ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ የድሮዎቹም አይሰረዙ። ሰውም ይቀስቀስ፤ ማንም በማያነበው ኢሜይል ሳይሆን በስልክ! በወር አንዴ ደግሞ ከቅጂው ዳታ መልሳችሁ እዩ። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይባልም።

ይሄ የአይቲ ልጆች ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። «ሲስተም የለም» ስንባል ተሰልፈን እንጠብቃለን፤ ሲስተሙ ይመለሳል። ዳታ ከጠፋ ግን ምን እንጠብቃለን? የሚጠፋው የተማሪው ውጤት ነው፣ የታማሚው የምርመራ ታሪክ ነው። ያኔ ኃላፊው «የቴክኒክ ችግር» ይላል፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ የተጫነው ጀማሪ ሠራተኛ ይቀጣል። ለወራት ሳያይ የፈረመው አለቃስ? እሱን ማንም አይጠይቀውም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት እየተረትን ያደግን ሰዎች ነን። እናም ነገ ቢሮ ስትገቡ ጠይቁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ከባክአፑ ፋይል የመለሳችሁት መቼ ነው? ቀኑን ይንገሯችሁ። «ራሱ ይሠራል» ካሏችሁ ግን አለቃቸውን ጠይቁ!