ምክንያቱ ያልተነገረ ፍርድ

ባለፈው ዓመት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክርክር ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። ጭብጡ «ሞባይል ስልክ በትምህርት ቤት ይከልከል» የሚል ነው። ተቃዋሚው ቡድን ጥሩ አድርጎ ተከራከረ፤ ግን 2 ለ 1 ተሸነፈ። አንደኛው ባልደረባዬ «ልጄን ያበላሸብኝ ስልክ ነው» አሉኝ። ሌላውን የማረካቸው የአሸናፊዎቹ የእንግሊዝኛ ቅላፄ ነው። ተማሪዎቹ ወገናቸውን ያገኙት በዕጣ መሆኑን ሁለቱም ዘንግተውታል!

በ1988 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው የዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ሻምፒዮና ለአንድ ዋና ንግግር ከሚሰጠው 100 ነጥብ 40ውን ለይዘት፣ 40ውን ለአቀራረብ፣ 20ውን ለስልት ይመድባል። ቅላፄ ብቻውን አቀራረብ አይደለም። ዳኞችም የውሳኔያቸውን ምክንያት ያስረዳሉ።

ሕግ የተማረ ሰው ምክንያት የሌለውን ፍርድ ፍርድ አይለውም። «በላ ልበልሃ» እየተባባለ በዋርካ ጥላ ሥር የተሟገተ ሕዝብማ ዳኛ ሲያዳላ ለማወቅ ሕግ መማርም አያሻውም። አዘጋጆቻችን ግን ለዋንጫና ለቲሸርት (ለስፖንሰር ባነርም ጭምር) ወራት ሲሯሯጡ ይከርሙና ዳኛ የሚፈልጉት በዋዜማው ነው፤ ያውም በስልክ። የግማሽ ቀን ሥልጠናና አንድ ገጽ የነጥብ መስጫ ቅጽ ስንት ያስወጣ ነበር?

ከተሸናፊዎቹ አንዷ በር ላይ ጠብቃ «ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?» አለችኝ። ሰብሳቢው እኔ ስለነበርኩ ውሳኔውን ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ከነጥቡ በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረም።