መስመር ሲጠፋም የሚከፈት ንድፍ

በፊዚክስ ትምህርት የመኪናን እንቅስቃሴ ስናሰላ ቀለሙን አንስልም፤ ኃይሎቹን ብቻ በቀስት እናመለክታለን። ዋየርፍሬም የሚባለው የድረ ገጽ የመጀመሪያ ንድፍም እንዲሁ ነው፤ ርዕሱ፣ ማውጫውና አዝራሩ የት እንደሚቀመጡ በባዶ ሳጥኖች ያሳያል።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የትኛውን ሶፍትዌር ይምረጡ? ብዙዎች ሳያመነቱ «ፊግማ» ይላሉ። ብዙ ሰዎችን በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ግሩም መሣሪያ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ሥራው የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበር አንርሳ። ኢንቪዥን የተባለው ዝነኛ የንድፍ አገልግሎት ደግሞ በ2024 ማብቂያ ጨርሶ ተዘግቷል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ቀዳሚው መመዘኛ ፋይሉ በገዛ ኮምፒዩተራችን ላይ ያለ መስመር መከፈቱ ነው። ፔንስል የተሰኘው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። (መልኩ ያረጀ ነው፤ ሳጥን ለመሳል ግን አዲስነት አያሻም።) ፔንፖትን ደግሞ፣ ምንጩ ክፍት በመሆኑ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊተክለው ይችላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሳጥኖቹን ትርጉም በሌለው የላቲን ጽሑፍ አትሙሏቸው። እውነተኛውን የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ አስገቡ። በአማርኛ በሦስት ፊደላት ያለቀው ቃል በቁቤ ሲጻፍ ረዝሞ ከአዝራሩ ሲያፈተልክ ያኔ ታያላችሁ።